ልጅሽ ያነበበችልሽ መጽሐፍ

ለልጄ፣ ለመጀመሪያዬም ለመጨረሻዬም፤

እንደምን አለሽ? እንደምን ሰነበትሽ? የምታስታምሚያቸውን ሴትዮ ስታነሺ ስታስተኚ የተቀጨው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ከማኩረፉ በቀር፣ እግዜር ይመስገን፣ በልቼ አድራለሁ። እናትሽም እንዳለች አለች፤ ምላሷ አልተፈታም፣ ቀኝ እጇም እንደበደነ ነው።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነው። የምለውን ሳያሳምር እንዲጽፍ ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ገና ከአሁኑ ግን «አባባ፣ ቀስ ብለው ይንገሯት እንጂ» እያለ ያስቸግረኛል። አንተ ጫማህን ስፋ፣ ልጄን እኔ አውቃታለሁ ብዬዋለሁ። ይህንንም ጽፎታል። በስልክ ያልነገርኩሽ ልጆቹ ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልጅሽ ማንበብ አትችልም።

አዎ፣ ያችው በስልክ መጽሐፉን እንደ ውኃ ስታወርደው ያለቀስሽላት ልጅሽ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ክር ፋብሪካው ሲዘጋ የሠራተኛ ልጆች ትምህርት ቤትም አብሮ ተዘጋ። እናትሽም «ልጆቹ ሜዳ ላይ አይቀሩም» ብላ የአባቷን ሣጥን ከአልጋ ሥር ጎተተች፤ እነዚያን ጠርዛቸውን አይጥ የቀመሳቸው፣ ሥዕል የሚባል የሌለባቸው የድሮ የታሪክ መጻሕፍት። ታሪክ ይባሉ እንጂ እንደ ተረት ነው የሚወርዱት፤ ፈረሱ ሲደክመው አንቺም ይደክምሻል። «መጀመሪያ ታሪኩን ይውደዱት፤ ፊደሉ የትም አይሄድም» ትል ነበር። ድንጋይ ስጠርብ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰውዬም ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከተማዋ ተከባ እህል ሲያልቅ የመጨረሻውን ዳቦ ከግንብ ላይ ለጠላት የወረወረችው ንግሥት ጋ ሲደረስ፣ ትንሹ ልጅሽ «ለምን አልበላችውም?» ብሎ ያለቅሳል። ጠላት ጠግበዋል ብሎ እንዲሄድላቸው ነው ብንለው አይሰማም። ይኸውልሽ፣ እናትሽ ታሪኩን ጨርሳ ፊደሉን ልታስቆጥራቸው ስትነሳ ነው የወደቀችው።

ያን ጊዜ ማን ያስተምር? እኔ። ማቋረጡ ውርደት መሰለኝ። ፊደል ባልቆጥርም ታሪኮቹን ከእናትሽ አፍ ሰምቼ ከዳር እስከ ዳር አውቃቸዋለሁ። መጽሐፉን ልጅቷ ጭን ላይ አደርግና «አንብቢ» እላለሁ። አንድ ቃል ከሳተች ጠረጴዛውን በጣቴ ኳ አደርጋለሁ፤ ታስተካክላለች። ቀስ በቀስ መሳቱን ተወችው። ወንዙ ላይ ድምጿን ዝቅ፣ ጦርነቱ ላይ ከፍ ታደርገዋለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ «ያልተማረ ያስተማራት» እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና በደህናው እጇ ግድግዳውን ትደበድባለች። ደስ ብሏት መስሎኝ «ሰማሽ ወይ የልጅሽን ልጅ?» እላታለሁ፤ ይብስባታል፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። የደስታ ነው አልኩ። ለካ እሷ የምታየውን እኔ አላይም። አንድ ገጽ ሳይገለጥ ሦስት ነገሥታት ነግሠው ይሞታሉ!

ባለፈው ወር ኮቴን አራግፌ ለብሼ ሁለቱንም ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። ዳይሬክተሯ ወጣት ናት፣ ክፉ አይደለችም። «ከእኩዮቿ ጋር እንዳስገባት እስቲ ታንብብልኝ» አለች። የራሳችንን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበርና ሰጠኋት። መሃሉን ከፍታ ለልጅቷ አስያዘቻት። ልጅሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ በኩራት ጣራ ጣራውን አያለሁ። ሴትዮዋ እጇን ገጹ ላይ ጣል አድርጋ ሸፈነችው፤ ልጅቷ አላቆመችም። ከዚያ ሌላ መጽሐፍ፣ አዲስ፣ አስያዘቻት። ዝም። «አንብቢ እንጂ፣ አፍረሽ ነው?» አልኳት እኔ ጅሉ። ዳይሬክተሯ መጽሐፉን መልሳ ወሰደች። «አባባ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን በቃሏ ነው የያዘችው። ፊደል አታውቅም» አለችኝ። «ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጥ፤ በዓመት ውስጥ ትደርስባቸዋለች።»

ያኔ እሺ ብል ምን ነበረበት? «የእኔ ልጅ አፍንጫው ካልተጠረገ ሕፃን ጋር አትቀመጥም!» ብዬ ሁለቱንም እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ደስ ሲልዎት እያየሁ እንዴት ልንገርዎት?» ድልድዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በሳምንቱ ኩራቴን ውጬ ተመለስኩ። ቦታው ሞልቷል። «ለሚመጣው ዓመት ያምጧቸው፤ እስከዚያ ግን ቤት ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥራቸው ሰው ይፈልጉ» አለችኝ። ማንን ልፈልግ? ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የተማረው ሁሉ ነቅሎ ሄዷል። በፋብሪካው ቤቶች ረድፍ የቀረው የተማረ ሰው ይሄ ጫማ ሰፊ ነው፤ እሱም ሰኞ ዕቃውን ጭኖ ልጁ ዘንድ ይሄዳል። እኔማ ሞክሬ አየሁት፤ ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል ነው።

ስለዚህ ነይ። ውልሽን አፍርሰሽ ነይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ የእናትሽ መድኃኒትም ከዚያው እንደሚመጣ አልረሳሁም። እሱን ከየት እንደማመጣው አላውቅም፤ ዘብም ቢሆን እቆማለሁ። ጫማ ሰፊው ብዕሩን አቁሞ ያየኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ። ድንጋይ እግሬ ላይ ሲወድቅ እንኳ ድረሱልኝ ያላልኩ ሰው አንቺን እባክሽ እላለሁ። ልጅሽ ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ አትነካም። ሣጥኑን ራሷ ወደ አልጋ ሥር ገፍታ አሮጌ ጫማ ደረደረችበት። ለወንድሟ «እኔ ደደብ ነኝ፣ አንተ ግን እንደኔ እንዳትሆን» ስትለው ሰማኋት። እኔ ከዚህ በኋላ የምላት ነገር የለኝም፤ ያለኝን ሁሉ ብዬ ጨርሻለሁ። እናቷ ነሽ፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ያንቺ ዓይን ነው የሚያስፈልጋት።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። እስከዚህ የተጻፈው ሲነበብላት በደህናው እጇ ወረቀቱን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም ብላ ነበር፤ ጥጉ የተጨማደደው በዚያ ነው። ትንሹ ልጅሽ ሰላም ይልሻል፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ሽማግሌ መስሏል። ጫማ ሰፊውም «እኔንም ሰላም በሉልኝ» እያለ የገዛ ሰላምታውን ይጽፋል።

ልጅሽ ሰላም አላለችሽም፤ መጻፌን አታውቅም። ይህን ልደብቅሽ አስቤ ነበር። ከሆቴሉ ጀርባ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ አንሶላ የምታጥፍላት ልጅ ስትፈልግ፣ «እኔ እሄዳለሁ፤ እሱ ማንበብ አይጠይቅም» አለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኳት፣ በሩ ላይ ቆምኩ። በክንዴ ሥር ሾልካ ሄደች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ማታ ስትገባ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

አባትሽ

ከቤትሽ፣ ከክር ፋብሪካው ረድፍ፣ ከመጨረሻው በር
መጋቢት 11 ቀን