«ይጽና» ብለው ስላለፉት ዲናችን

የሕግ ትምህርት ቤታችን መሥራችና ዲን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን የውል ሕግ ለማስተማር ደረጃ ሲወጡ ወድቀው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ በሞት ተለይተውናል። የሠራተኞች ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለአባላቱ፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ሕዝብ ይገልጻል። ሀዘናችን ግን ቁጭት የተቀላቀለበት ነው። ምክንያቱን መደበቅ ሟቹን ማክበር ስላልመሰለን እንናገራለን።

ዲናችን ሃያ ዓመት በዳኝነት ካገለገሉ በኋላ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር በላይ ባሉ አራት ክፍሎች ነው። ፈተናዬ በትክክል አልታረመም ያለ ተማሪ ቢሯቸውን ሲያንኳኳ፣ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው እንደገና ያርሙ ነበር። በዚህም ተማሪዎች «ጋሽ ይግባኝ» አሏቸው። በይግባኙ ነጥብ የተጨመረለት ብዙ ነው፤ የተቀነሰበትም አለ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የጥበቃ ሠራተኛችን ሲያርፉ፣ ባለቤታቸውን በቤተ መጻሕፍት ቀጠሩ። የሴትዮዋ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም ተብለው ሲጠየቁ፣ «መጽሐፍ መካከል ትቀመጥ፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል» አሉ።

ከአምስት ዓመት በፊት ጀምሮ ተማሪ ቀነሰ፤ መምህራንም አንድ በአንድ ለቀቁ። ከሌላ ተቋም ጋር ካልተዋሃድን ፈቃዳችን እንደማይታደስ ተነገረን። ዲናችን የመንግሥት ኮሌጁ ትምህርት ቤቱን እንዲረከብ ጠየቁ። ይህን ሲጠይቁ ማዕረጋቸውም ወንበራቸውም እንደሚቀር ያውቁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከሁለቱም ወገን አሥራ አንድ ሰዎች በርክክቡ ስምምነት ላይ ለመወሰን በኮሌጁ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤ የያዙት ከእኛ ወገን የተመደቡ ጸሐፊ ነበሩ። የኮሌጁ ምክትል ኃላፊ፣ «የሰው ፍርስራሽ አምጥታችሁ እኛ ላይ አትጫኑ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጋሽ ይግባኝ፣ ከዚህ በላይ ደግሞ ወዴት ይግባኝ ሊሉ ነው?» ብለው ቀለዱ። ዲናችን የመለሱት እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ እኔን አትረከቡኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ተማሪ ግን ደጃችሁ ቆሟል። እዚህ ከተማ የድሃ ልጅ ሕግ የሚማርበት ሌላ ቤት ካለ ንገሩኝና ልሂድ።» ድምፅ ተሰጠ። ሰባቱ ለድጋፍ እጃቸውን አነሱ። የውሳኔውን ቃል እንዲያሰሙ ዕድል ሲሰጣቸው ዲናችን ቆመው፣ «ስምምነቱ ይጥና» አሉ።

ዲናችን ጸሎትን ጠሎት፣ ጸጉርን ጠጉር የሚሉ ሰው ነበሩ። «ይጽና» ማለታቸው ነበር፤ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲያጸና እንደሚለው። በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ግን «ይጠና» ነው። አሥራ አንዱም ፈረሙ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ሰው፣ የጸሐፊዋን እጅ አምነው ሳያነቡ ፈረሙ።

ኮሌጁ በሁለተኛው ሳምንት የጥናት ኮሚቴ አቋቋመ። ዲናችን እርማት እንዲደረግ አራት ጊዜ ጻፉ። መልሱ አራቱንም ጊዜ «ቃለ ጉባኤ እንደ ተጻፈ ይነበባል» የሚል ነበር። እጃቸውን ካነሱት ከሰባቱ ማንሳቱን ያስታወሰ አንድ እንኳ አልተገኘም። ስህተቱ የተመቸው ሁሉ ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር። ሲጠና ሦስት ዓመት አለፈ፤ ተማሪዎቻችን ወደ ስድሳ አንድ ወረዱ፤ ፈቃዳችንም በዚህ የትምህርት ዘመን መጨረሻ ያበቃል።

ቃለ ጉባኤውን ማን ጻፈው ሲባሉ ዲናችን፣ «የፈረምኩት እኔ ነኝ» ብቻ ይሉ ነበር። የጻፉት ከላይ የተጠቀሱት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ ናቸው። ይህን መግለጫም የጻፉት እሳቸው ናቸው። የዲኑን አነጋገር አሥራ አንድ ዓመት ሰምተዋል። ያም ሆኖ ቃሉን በመጽሐፍ ወደሚያውቁት አቃኑት፤ ፊደሉን ከሰውየው አስበልጠው አመኑ። ተሳስቻለሁ ብለው አንድ መስመር መጻፍ ይችሉ ነበር። እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ፤ ማኅበሩም አብሯቸው ዝም አለ።

ያ መስመር ዛሬ ተጽፎ፣ በጸሐፊዋ ፊርማ ከዚህ መግለጫ ጋር ለኮሌጁ ተልኳል። ኮሌጁ የላከውን የሀዘን አበባ ተቀብለናል፤ የምንጠብቀው ግን ለእርማቱ የሚሰጠውን መልስ ነው። ስድሳ አንዱ ተማሪዎች ዛሬም ክፍል ውስጥ ናቸው።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ጽናትን እንመኛለን። ቃሉ በ«ጸ» የተጻፈ መሆኑን አሥራ ዘጠኛችንም የማኅበሩ አባላት አንብበን ፈርመናል።

የሕግ ትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ማኅበር