በሐጃ ዛሂራ ቤት የገባው በሽታ

ካርቱም፣ አርካዊት

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ዘይነባ፣

የአላህ ሰላም ካንቺና ከመላው ቤተሰብ ጋር ይሁን፤ እንዴት ከርማችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የምሠራላቸው ሐጃ ዛሂራ ባለፈው ሳምንት ወደ አኼራ ሄዱ። ኮሮናውን ቤት ያስገባው ልጃቸው ሂሻም ነበር። እሱን ትንሽ አተኩሶት ተወው፤ እሳቸውን ግን ትንፋሽ አሳጣቸው። ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ሂሻም ኦክስጅን ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ውሎ ሲመለስ፣ እጄን እንደያዙ ዐርፈው ነበር።

ሐኪማቸው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ "ይሄ በሽታ የሚጨክነው ዕድሜ የገፋው፣ ስኳርና ግፊት ያለበት ላይ ነው" አለ።

ሻይ እያቀረብኩለት፣ "አርባ ያልሞላት ባለስኳርስ?" አልኩት።

"ማን ናት?"

"አገር ቤት ያለች እህቴ ናት።"

"እንግዲያ ከታማሚ ትራቅ" አለኝ።

ባንቺ አሳበብኩ እንጂ፣ አንቺስ ስኳር የለብሽም።

ሂሻም ደግ ነው። ከትናንት ወዲህ ላይኛው ክፍል ዕረፊ ብሎኝ፣ ምግቤን በር ላይ ያስቀምጥልኛል። ወጡን ያለ ቅመም የሚሠራው ይመስለኛል፤ ሽታም ጣዕምም አጣሁበት። ያልደወልኩልሽም ማውራት ስለሚያደክመኝ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ልጄን ዘምዘምን ከትምህርቷ እንዳታስቀሪያት። ባለፈው፣ "እኔን እማ ማለት ጀመረች" ብለሽ አዝነሽልኝ ነበር። ተያት፣ ትበልሽ።

ለእናታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በዱዓችሁም አትርሱኝ።

እህትሽ ሉጥፊያ