ከአባዬ ጋር፣ ያለ ካርድ

ማክሰኞ፣ ማራኪ ሰፈር

ካርድ የለም። ግማሽ ቀን ባንክ ተቀምጬ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው። ለመንገደኛ ዶላር የሚሞላበት ካርድ የሚሰጠው አዲስ አበባ ብቻ ነው፣ እሱም ለጊዜው አልቋል አሉኝ። የአባዬን የሕክምና ሒሳብ ግን ባንኩ ራሱ በቀጥታ ሕንድ ላለው ሆስፒታል ልኮልናል፤ ተመስገን። ለማደሪያና ለምግብ የሚሆነውን ደግሞ፣ ቪዛና ቲኬት አሳይቼ፣ በጥሬ ዶላር ተቀበልኩ። የታጠፈ ኖት ውጭ አገር አይቀበሉም ሲሉ ስለሰማሁ አዳዲሱን እንዲሰጠኝ ገንዘብ ከፋዩን ለመንኩት። ሳይሰለች መርጦ ሰጠኝ።

አባዬ ትናንት ከዳባት ገብቷል። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆየ፤ አሁን ቀኙም ጉም ለብሷል። ቤቴ ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚሄደው። እዚህ ያየው ሐኪም የዓይኑ የፊት መስታወት መቀየር አለበት፣ ደጋግሞ ስለቆሰለ ሕንድ ብትወስጂው ይሻላል አለኝ። ባሕር ዛፉን ሸጠን፣ ዕቁቤን ጨመርኩበት። ሌላ የሚሸጥ የለንም።

ረቡዕ

የጻፍኩላቸው ሆቴሎች ሁሉ ክፍል ለመያዝ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ። ላብራቶሪ አብረውኝ የሚሠሩትን ጠየቅሁ። አንድም ያለው የለም፤ አንዷማ ከነጭራሹ ምን እንደሆነ መልሳ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ ሙሉቀን በራሱ ካርድ ያዘልን። ስትደርሱ ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው ብሎኛል።

ማታ በአባዬ ኮት ውስጥ የውስጥ ኪስ ሰፍቼ ዶላሩን ከተትኩት። የሽማግሌ ኮት ማን ይፈትሻል ባይ ነው።

ዓርብ፣ አዘዞ ኤርፖርት

ፈተሹት። ኮትህን አውልቅ ሲሉት ደረቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ደግነቱ የባንኩን ወረቀት ሳሳያቸው ፈታሹ ራሱ ስቆ ኮቱን መልሶ አለበሰው። አውሮፕላኑ ሲነሣ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ነበር። አልፈራሁም ይላል።

ቅዳሜ፣ ሕንድ፣ ቼናይ

ጠዋት ደረስን። ኤርፖርቱ ውስጥ ትንሽ ዶላር መነዘርኩ፤ ታክሲውም ጥሬ ገንዘብ ተቀበለ። ቀላል ነው ለካ ማለት ጀምሬ ነበር።

ሆቴሉ ግን አላስገባንም። እንግዳ ተቀባዩ ክፍሉ የተያዘበትን ካርድ አሳዪኝ አለ። የአጎቴ ልጅ ነው፣ ዱባይ ነው ያለው አልኩት። ባለካርዱ ካልቀረበ አይሆንም፤ ወይ የራስሽን ስጪኝ፣ ለመያዣ አለኝ። የለኝም። የሁሉንም ቀን አሁኑኑ በዶላር ልክፈል አልኩ። ሥራ አስኪያጁን ጠርቶ ተንሾካሾኩ። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ሰው የሚያስጠረጥርበት ቦታ አለ ለካ። ወደ ዱባይ ደወልኩ። ሙሉቀን ስልክ አያነሣም።

አባዬ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ቆየና፣ "ምነው? ምን ፈለጉ?" አለኝ።

ብንጠፋ ወይም ዕቃ ብንሰብር ከካርዱ ላይ ሒሳባቸውን እንደሚወስዱ አስረዳሁት።

"ዋስ ነዋ የሚፈልጉት።"

"አዎ፣ እንደ ዋስ ነው።"

"ዋስ መጠየቅ ምን ነውር አለው? ለምን ትቆጫለሽ? ይልቅስ የሚያውቀን ሰው ፈልጊ።"

ቼናይ ላይ ማን ያውቀናል ልለው ነበር። ያኔ ላክሽሚ ትዝ አለችኝ፤ ከውጭ የሚመጡ ሕሙማንን ለሆስፒታሉ የምትቀበል ሴት ናት። ወር ሙሉ ተጻጽፈናል እንጂ ተያይተን አናውቅም። በሆቴሉ ስልክ ደወልኩላት። ቁርሴን ልጨርስና መጣሁ አለች፤ እንዳለችውም በባጃጅ መጣች። ከሥራ አስኪያጁ ጋር በቋንቋቸው ተከራከረች። እኔ የገባኝ ነገር የለም፤ ብቻ በመጨረሻ መታወቂያዋን አውጥታ በራሷ ስም ፈረመችልን። እኛ የየቀኑን ጠዋት ጠዋት በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን።

አባዬ ድምጿ ወደመጣበት ዞሮ ቆመ።

"ዋስ እንደሆንሽን እግዜር ዋስ ይሁንሽ።"

ተረጎምኩላት። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

እሑድ

የመጀመሪያውን ቀን ከፈልኩ። ደረሰኝ ሰጡኝ። ያው እንግዳ ተቀባይ ዛሬ ሻይ ጋበዘኝ፤ ትናንት የታዘዘውን ነው የሠራ፣ ቂም አልያዝኩም።

ምግቡ አባዬን አስደስቶታል። ሁዳዴ ስለሆነ ምን ይበላል ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ በሆቴሉ ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ግን ሥጋ የሚባል አያበስሉም። ምስሩ ሸጋ ነው አለ። ሳህኑ በመጣ ቁጥር ግን ቅቤ እንደሌለው ያስጠይቀኛል፣ አስተናጋጁም ይምላል።

ማክሰኞ

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ስጠብቅ አንዴም አልተቀመጥኩም። ሐኪሙ ወጥቶ እንዳሰብነው ሄዷል አለኝ። የዓይን ጠብታው ከላክነው ሒሳብ ውጭ ነው አሉ። የበርካታ ወር ስለሆነ ውድ ነው። ከፈልኩ። እስክንመለስ እንደሚበቃን አውቃለሁ፣ ቢሆንም የቀረውን ዶላር ደግሜ ቆጠርኩ። ማታ እራት አላዘዝኩም፤ አባዬ በልተሻል ሲለኝ አዎ አልኩት። ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል።

ረቡዕ

ፋሻው ተነሣ። መጀመሪያ ብርሃኑ ከበደው፣ እንባው ወረደ። ሐኪሙ ጣት እያሳየ ስንት ነው ሲለው አንዱን ሳተ፣ አንዱን አገኘ። ዓይኑ አዲሱን መስታወት ይቀበል አይቀበል የሚታወቀው ወራት ቆይቶ ነው፤ ጠብታው እንዳይቋረጥ አለ። ሁሉንም ሳልደብቅ ለአባዬ ነገርኩት። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሐኪሙ ሲወጣ አባዬ ቀረብ በይ አለኝ። ከፊቱ ተንበረከክሁ። አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረኝ። 

"ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ልጄ?"

"አልከሳሁም አባዬ። ደክሞኝ ነው።"

ትክ ብሎ አየኝ። አላመነኝም።