በባዶ ሆድ

ጋሽ ወንድወሰን፣

የሳምንቱን ክኒኖችህን በየቀናቸው እየደረደርኩ ሳለ የጉልበትህን ማስታገሻ ለብቻ አወጣሁት። ነርሷ "በባዶ ሆድ ከዋጥከው ጨጓራህን ያደማል" ስትልህ አጠገብህ ነበርኩ። አንተ ግን ጾም ነው ብለህ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ጠዋት ጠዋት በውሃ ትውጠዋለህ።

ትናንት "ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ" አልከኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብልህ "አንተ ግጥም እንጂ ጾም የት ታውቃለህ!" ብለህ አብረውን በሚኖሩት በክፍሉ ልጆች ፊት ሳቅህብኝ።



ዛሬ አገር ቤት ለንስሐ አባትህ ደወልኩ። ቁጥራቸውን ሳላስፈቅድህ ከስልክህ መውሰዴ ጥፋት ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም። "የታመመ ይብላ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው" ብለዋል። ድምፃቸውን ቀድቼ ልኬልሃለሁ። ከቻልክ በእሳቸውም ሳቅ።

የአሠሪህን የማዳምን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰህ ስትመለስ የክፍላችን ልጅ ያሬድ በመኪናው ይጠብቅሃል፤ ድንገተኛ ክፍል ይወስድሃል። እኔ አል ዱሃይል ሰፈር የጥበቃ ሥራዬ ላይ እሆናለሁ። አትደውልልኝ፤ ውጤቱን ለእሱ ንገረው።

የጤና ካርድህን፣ የሐኪሙን ወረቀትና ማስታገሻውን በአንድ ፌስታል ከትቻለሁ። ክኒኑ ለሐኪሙ የሚታይ እንጂ የሚዋጥ አይደለም።

ፌስታሉን ቋጥሬ በበሩ እጀታ ላይ ሰቀልኩት።