ትከሻዬን የበላው የብረት ቃሬዛ

አባዬ፣ እንዴት ነህ አልልህም፤ አፈር ለብሶ ለተኛ ሰው እንዴት ነህ አይባልም። ከሄድክ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ከአምስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እንዳይመስልህ፣ መጻፉንስ እችልበታለሁ። ተናድጄብህ ነው። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ግን ሳልነግርህ ከቆየሁ እፈነዳለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ብርዱ ሲነሳ ብቻ ጉልበቷን ያማታል፣ የቆሰበርን ብርድ መቼም ታውቀዋለህ። በመንገድ በኩል ያለው የቀርቀሃ አጥር ወደ ውጭ አዘንብሎ ነበር፣ ብቻዬን አቃናሁት። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ነገ ያልከውን የዶሮ ቤት በር በግማሽ ቀን ሠርቼ ገጠምኩት። ባጃጇንም ያው እየነዳሁ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው እንደኔ የሚነዳ የለም፣ ማንንም ጠይቅ። ጠይቅ እልሃለሁ ደግሞ፣ ማንን ትጠይቃለህ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የቀብርህ ቀን እድሩ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የብረት ቃሬዛ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ከብየዳ ቤት የወጣ። የሰፈራችንን ሟች ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰው አንተ በእጅህ የሠራኸው ቃሬዛ ነው። ሠሪው ሲሞት ግን በብረት ተሸኘ። ለቅሶ መሀል ጠብ አይነሳም ብዬ ዋጥኩት። ከፊት በግራ በኩል ተሸከምኩህ። ሌሎቹ ሦስት ጊዜ ተቀያየሩ፣ እኔ እስከ መቃብርህ ድረስ ቀይሩኝ አላልኩም። ብረቱ ትከሻዬን ልጦ በላው፤ ጠባሳው ይኸው አለ።

ያንተ ቃሬዛ እንዲህ አያደርግም ነበር። ጓሮ ከቀርቀሃው ሥር ስትሠራው አስታውሳለሁ። ሁለቱን መሸከሚያ ከዋንዛ ጠረብክ፣ መሀሉን በተሰነጠቀ ቀርቀሃ ረበረብክ፣ በጠፍር እየሳብክ አሰርከው። አንድ ሚስማር የለበትም። ሚስማር ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ይጮሃል፣ ሰው ሲሸኝ እንጨት መጮህ የለበትም ትል ነበር። ከዛ "ና ቁም" አልከኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። መሸከሚያውን ትከሻዬ ላይ ጫንክ፣ በከሰል ምልክት አደረግክ፣ አውርደህ በመሮ ቦረቦርክ፣ እንደገና ጫንክ። ግማሽ ቀን እንዲህ አዋልከኝ። ልጆቹ ኳስ ይዘው በር ላይ ይጠሩኛል፣ አንተ እንደ ምሰሶ ገትረኸኛል። አኮረፍኩ። አንተ "ትከሻህ ለካ ሰፊ ነው" ብቻ አልክ። እሱስ እውነትህን ነው፣ ሰፊ ነው።

አርባህ እንዳለፈ የእድሩ ዳኛ አያ ተሻለ ጋ ሄድኩ። ቃሬዛህን ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ተደግፎ አገኘሁት፣ ጠፈጠፉ እየወረደበት፣ ግማሽ ርብራቡ በስብሶ። ጮህኩባቸው፣ አልዋሽህም። አባቴ ምን በደላችሁ አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም። "አንተ ልጅ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል" ብለው መዝገቡን አስመጡና አነበቡልኝ። የእንጨቱ ቃሬዛ አርጅቷል ይላል። እኔ ካለፍኩ የሚጠግነው የለም ይላል። ልጄ የባጃጅ ሰው ነው፣ እጁ እንጨት ላይ አያርፍም፣ ብረት ይገዛ ይላል። ከሥሩ ያቺ ጠማማ ፊርማህ አለች።

አባዬ፣ ማን ጠየቀኝ? አንድ ግቢ ውስጥ እያደርን፣ ከአንድ መሶብ እየበላን፣ ለእድርተኛው ሁሉ ከምታወራ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ጥገን ብትለኝ እምቢ እል ነበር ይሆናል። ግን ብለኸኝ እምቢ ልበልህ እንጂ።

ቃሬዛውን ባጃጇ ላይ አስሬ ቤት አመጣሁት። የዛን ቀን እጁን የሚያነሳልኝ ተሳፋሪ ጠፋ፣ ያየኝ ሁሉ ያማትባል። ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሥራ ስፈታ ጥገናውን ጀመርኩ። ጓሮ ገብቼ ለምለም ለምለሙን ቀርቀሃ ቆረጥኩ። እንደ ቅቤ ይሰነጠቃል። አባቴ ይቺን ነው እንዴ ሲያካብድ የኖረው ብዬ ሳቅሁ። ጥቅምት ላይ ነቀዙ ፈጭቶ ጨረሰው። ከሥሩ ዱቄት ተከምሮ አገኘሁ። እማዬ አየችና መጀመሪያ በአዊኛ ሰደበችኝ፣ ቀጥላ በአማርኛ "አባትህ የሦስት ዓመቱን፣ ያውም በበጋ ነው የሚቆርጠው" አለችኝ። ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብላት "መቼ ጠየቅከኝ?" አትለኝም? እሷም እንዳንተ ናት። እኔም ሳልሆን አልቀርም።

ጥር ላይ እንደገና ገባሁ። አንተ በቢላዋ ጀርባ መታ መታ እያደረግክ ጆሮህን ስትሰጥ ትዝ አለኝ። መታሁ። ለጋው ድፍን ያለ ድምፅ አለው፣ የደረሰው ግን ደርቆ ይጮሃል። የደረሰውን ብቻ ቆረጥኩ፣ ጥላ ውስጥ አደረቅኩ፣ ጠፍሩን ውሃ አርሼ ሳብኩ። ሁለቴ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። መሸከሚያዎቹን ስጠርግ ከፊት በግራ በኩል የቦረቦርከውን አገኘሁትና ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ልክክ አለ። እጁ እንጨት ላይ አያርፍም ያልከው ልጅ ትከሻው እንጨቱ ላይ ተቀርጿል። ይሄን እያወቅክ ነው ብረት ይገዛ ያልከው።

አያ ተሻለን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ከሥር ሚስማር ፈለጉ፣ አጡ። "ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን" ብለው ሄዱ። ሁለት ወር ሆነው፣ እስካሁን አላነሱትም። ቢፈልጉ ይተዉት። እኔ በረንዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ አውርደው አለችኝ። ልትጠርገው መስሎኝ አወረድኩት። ነጠላዋን አነጠፈችና ጋደም አለችበት። በጠራራ ፀሐይ፣ ዶሮዎቹ እያዩዋት። ደንግጬ ምን ሆነሻል፣ ተነሽ አልኳት። ወዲህ ገላበጥ አለች፣ ወዲያ ገላበጥ አለች። "አይጎረብጥም" አለች። ከዛ ተነስታ ነጠላዋን አራግፋ ገባች።

እኔ እያለሁ እሷን ብረት አይሸከማትም፣ እድሩ ፈቀደም አልፈቀደም። የቀርቀሃው ርብራብ ሲያረጅ የሦስት ዓመቱን እየመታሁ እቀይረዋለሁ፣ በመታሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ። አንተን ግን በብረት ነው የሸኘሁህ። ይሄንንም አልረሳውም፣ ሸሚዝ በቀየርኩ ቁጥር ጠባሳውን አየዋለሁ። ያ ሰፊ ያልከው ትከሻ ላይ ነው።

ልጅህ