ጤናህ፣ ወገብህና መጋዝህ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራሽ፣ ቤትሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይንቋቋል እንጂ ይታጠፋል። ፊደሌ ቢጎረብጥሽ አትሳቂብኝ፤ የምጽፈው በአናጢ እርሳስ ነው፣ እሱም እንደኔ ደንዝዟል።

ስልክ እያለህ ወረቀት ምን አስፈለገህ ትዪኝ ይሆናል። እንግዲህ ስሚኝ።

ባለፈው የመጣሽ ጊዜ ስለ ቴክስት ያሳየሽኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። ይህ ሽማግሌ ምኑን ያውቀዋል እንዳትዪ። ፊደሉን አተለቅሁት፤ አሁን አንድ ቃል ብቻውን ስልኩን ይሞላዋል። የሎተሪውና የማስታወቂያው ውርጅብኝ እንዳይቀብረው ያንቺንና የወንድምሽን መልእክት ከሁሉ በላይ ሰቀልኩት። በድምፅ ማጻፉን ግን ተውኩት። ለአንድ ደንበኛ እንጨት የለም፣ ነገ ና ብዬ ብናገር፣ ስልኩ እናት የለም፣ ነገ ና ብሎ ላከበት። ሰውየው ከሞተች ዓመታት ያለፏት እናትሽ ገና አሁን የሞተች መስሎት ፊቱን አጥቁሮ መጣና ሲያጽናናኝ ዋለ። ጎረቤቴ ፀጉር ቆራጩማ በሳቅ ሊሞት። አባባ፣ ስልኩ ደንቆሮ አይደለም፣ ለምን ይጮሁበታል ይለኛል። አንተ አርፈህ ራስህን ላጭ አልኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ያንን አቋራጩን ነው። በችኮላ ሰላምታሽ ተናድጄ፣ ሰላምታ ጨርቅ አይደለም አይቆራረጥም ብዬ ስቆጣሽ፣ በል አንተው ንገረኝ አላልሽም? እኔም ጠረጴዛዬን ተደግፌ አስጻፍኩሽ። አባቴ ሆይ፣ ጤናህ፣ ወገብህና መጋዝህ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ለኔ ሳታስብ ራስህን ጠብቅ። አንቺም ስልክሽ ውስጥ አስቀመጥሽው፤ አባ ብለሽ ሁለት ፊደል ስትነኪ ሙሉው ዱብ ይላል። መጋዝ ከጤና ጋር ምን አገናኘው ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን።

ወንድምሽ ከድንጋይ ካባው ሲጽፍ እንዲህ አልነበረም። አለሁ ነው የሚለው። በቃ። አንተ ንፉግ፣ ለአባትህ ቃል ትቆጥባለህ ወይ ብዬ ብሰድበው፣ በማግስቱ አለሁ አለሁ ብሎ ላከ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ካባው ተናደ ሲባል ሰምቼ ስጠይቅሽ፣ የዚያን ዕለት ፈረቃው አልነበረም አልሽኝ። አመንኩሽ። ቁጥር ቀይሯል፣ ሥራ በዝቶበት መደወል አይችልም አልሽኝ። ይህንንም አመንኩሽ። ከአዲሱ ቁጥር እሑድ እሑድ ጠዋት ይጽፍልኝ ጀመር። አባቴ ሆይ፣ ጤናህ፣ ወገብህና መጋዝህ።

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የወንበር እግር ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት እግር ከአንድ ሞዴል የወጣ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ፣ እህቱ አስተምራው ይሆናል አልኩ። በዚህ ብዙ ቆየሁ፤ ሰው የሚፈልገውን ለማመን ምን ያንሰዋል። ኋላ ግን መልእክት ሲደርስ ደረሰ ብሎ የሚናገረውን ዘዴ ከፍቼ በአሮጌው ቁጥሩ የት ነህ አልኩት። አልደረሰም። ደግሜ ላክሁ። እኔ አበላሽቼው እንደሁ ብዬ ለፀጉር ቆራጩ አሳየሁት። አየው፤ አገላብጦ አየው። ያ ምላሱ የማያርፍ ሰው ስልኬን በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝ።

ይህን በቴክስት ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር። አንዲት ቃል ስጽፍ ስልኩ ቀድሞኝ ቀጣዩን ያቀርብልኛል። ደህና ይለኛል። እሱን ባልፈው ነኝ ይለኛል። ተውኩትና እርሳሴን አነሳሁ።

አልተቆጣሁሽም። እኔስ በአንቺ ቦታ ብሆን ምን አፍ ኖሮኝ እናገረው ነበር? ብቻ ሁለት ሰው ሆኖ መጻፍ ያደክማል። በአንድ እጅ እንባ እየጠረጉ በሌላው የአባትን መጋዝ መጠየቅ ለማንም አይቻልም። የእሑዱ ይቅር። ወንድምሽን አሳርፊው፤ አንቺም እረፊ።

ፈቃድ ስታገኚ ነይ። ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን እንዳትመጪ፣ አክስትሽ ታምጣሽ። የምትነግሩኝን ተቀምጬ እሰማለሁ፤ እንደማላውቅ ሆኜ ከአፍሽ እሰማለሁ። ለሰው ወንበር ስሠራ ኖሬ የራሴ ቤት መቀመጫ የለውም። ስለዚህ አሁን አግዳሚ እየሠራሁ ነው፤ ረጃጅም፣ ብዙ ሰው የሚይዝ። ፀጉር ቆራጩ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና የጣውላውን ሌላኛ ጫፍ ይይዝልኛል። ለማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።

አምላክ መንገድሽን ያቅናው፤ ከክፉ ይሰውርሽ። አንቺን እንኳ ያቆይልኝ።

አባትሽ