ንስሩን ያበረረው አባትሽ

ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.
ደጀን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ ለዓይናዲስ፤

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ኪጋሊ ተስማማሽ? እኛ ሳቁም ኩርፊያውም ሳይጎድልብን አለን። በስልክ ያልነገርኩሽን ነው የምጽፍልሽ፤ ስንደዋወል አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይጥላል። ስጨርስ የአክስትሽ ልጅ ጌቾ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል።

ዩኒቨርሲቲ እያለሽ የሠራሽውን ባለሪሞት አውሮፕላን፣ ያንን ሞተር የሌለውን ግላይደር፣ «እንዳትነኩብኝ» ብለሽ ነበር የሄድሽው። ተነክቷል። ጌቾ አሠራሩን አሳይቶት፣ አባትሽ አሁን ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆሞ ያበርረዋል። «ነዳጅ አይል፣ ጎማ አይፈነዳበት፤ ያን ሁሉ ዘመን የጭነት መኪና ስነዳ የተመኘሁት ይኼንን ነው» ይላል።

ከገደሉ ሥር የሚወጣው ነፋስ ግን ባለቤት አለው፤ አንድ ትልቅ ንስር። መጀመሪያ ሰሞን ጎን ለጎን ይበር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከላይ ወርዶ የግላይደሩን ክንፍ በጥፍሩ ተለተለው። አባትሽ ቁልቁለት ላይ ተሳቢ የዘጋበት ይመስል፣ «አንተ! መንገዱ ለሁለት አይበቃም?» ብሎ ጮኸበት። ክንፉን እኔ ጠግኜዋለሁ። የልብስ ሰፊ እጅ ነውና አታፍሪበትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የአባትሽ ዓይን ብሶበታል። ሐኪሙ «ሞራ ነው፣ ይገፈፍ፣ በዘገየ ቁጥር ይከብዳል» ካለው ወራት አለፉ። እሱ ግን «በዚህ ዓይን ነው የዓባይን ጠመዝማዛ ስወርድ የኖርኩት፤ ማንም ምላጭ አያስጠጋውም» ባይ ነው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ባኮርፈው፣ ወይ ፍንክች! ጨርሶ እንዳይጨልምበት እየፈራሁ ነው የከረምኩት።

ማክሰኞ አብሬው ወጣሁ። ግላይደሩን ወረወርኩለት፤ ወዲያው ንስሩ መጣ። ሁለቱ ሲዞሩ ቆዩና ግላይደሩ አፍንጫውን ደፍቶ የእነ ደመላሽ ጤፍ ነዶ መሃል ወደቀ። ዞር ብዬ አባትሽን ባየው፣ ቀና እንዳለ ነው። የሚያየው ንስሩን ነው። ሪሞቱን ወደ ግራ ይገፋል፤ እንዳጋጣሚ ንስሩም ወደ ግራ ይዞራል።

«አየሽው ጥላነሽ? ዛሬማ እንዴት ታዘዘልኝ!» አለኝ።

እንባዬ መጣ። ወድቋል ልለው አፌን ከፈትኩና ፊቱን አይቼ ዘጋሁት። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት አንቺ የተመረቅሽ ቀን ነው። «እሰይ! እስቲ ደግሞ ወደ ቀኝ መልሰው» አልኩት። ንስሩ ወደ በረሃው ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ እኔም አብሬው አበረርኩ።

ስንመለስ ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚሄደው። መንገድ ላይ ቆም አለና፣

«ክንፉን አርገበገበ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ያ ሳበርረው የነበረው። የልጄ ግላይደር ክንፉን አያርገበግብም።»

«ካወቅህ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ወደ ቀኝ መልሰው ስትዪኝ ደስ ብሎሽ ነበራ!»

እዚያው ቆመን እስኪበቃን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እጄን ጨበጥ አድርጎ፣ «በይ ውሰጂኝ» አለኝ።

የፊታችን ሰኞ ደብረ ማርቆስ ይገፈፍለታል፤ ማሰሪያው የሚፈታው በማግስቱ ነው። ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ ብሎ፣ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። እኔም በአፌ አልነግራትም ብዬ ምያለሁ።

ትናንት «ማሰሪያው ሲፈታ መጀመሪያ ማንን ማየት ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንቺን ነዋ፣ ሌላ ማን አለ» አለኝ። ቶሎ ነበር የመለሰልኝ፤ ቶሎ ሲመልስ ደግሞ የልቡን እንደደበቀ አውቃለሁ። ነይ አላልኩሽም ልጄ። ብቻ ከአልጋው አጠገብ ፈቀቅ በይ ብባል ቅር አይለኝም።

የዲማው ጊዮርጊስ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ።

እናትሽ ጥላነሽ